በማኬሬሬ ኮረብታ ስለ ሴቶች የሚሰጠው ትምህርት

አንድ የመንግሥት ጸሐፊ የቤተሰብ መዝገብ ይዞ ከአንድ ገበሬ ደጅ ደረሰ እንበል። ጸሐፊው አስቀድሞ የአባወራውን ስም ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «ሥራዎ ምንድን ነው?» ይላል። «እርሻ ነው» የሚል መልስ ስለሚያገኝ ይኸንኑ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ «ባለቤትዎስ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባወራው ያለ አንዳች ክፋት «እሷ እንኳ ሥራ የላትም፤ ቤት ውስጥ ናት» ሲል ይመልሳል። ጸሐፊውም «ሥራ የላትም» ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ሴትዮዋ ግን በዚያች ሰዓት ከምንጭ ውሃ ቀድታ በመመለስ ላይ ናት። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ እህል ፈጭታለች፤ እሳት አንድዳለች፤ ልጆቿን አብልታለች፤ ከቀትር በኋላም ወደ ማሳው ወርዳ ስታርም ትውላለች።

በዚህ ነገር ውስጥ ማንም ሰው አልዋሸም። አባወራው ያመነበትን ተናግሯል፤ ጸሐፊውም የሰማውን ጽፏል። መዝገቡ ግን ሐሰት ሆኖ ቀርቷል። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቶች የውሃ ጕድጓድ የት እንዲቈፈር፣ የእርሻ ምክር ለማን እንዲሰጥ፣ የመሬት ደብተር በማን ስም እንዲጻፍ የሚወስኑት እንዲህ ያለውን መዝገብ አገላብጠው ነው። መዝገቡ የሳተ እንደ ሆነ ውሳኔውም ይስታል፤ ጕዳቱም የሚወድቀው ሥራዋ ሳይጻፍ በቀረው ሴት ላይ ነው።

እውነተኛ ሰው እውነተኛ ሰው ጠይቆ እንዴት ሐሰት ሊጽፍ ቻለ? ይህን ጥያቄ ከሥሩ የሚመረምር ትምህርት ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ትምህርቱም ስለ ሴቶች፣ ስለ ሥርዓተ ጾታና ስለ ሩካቤ ሥጋ የሚደረገው ጥናት ነው። ስለዚህ ጥናት ሲነሣ አንዳንዱ ሰው ይሥቃል፤ አንዳንዱም ትዳር የሚያፈርስ መስሎት ይሠጋል። እኛ ግን አንድን ነገር በስሙ ከመፍራት ሥራውን አይቶ መፍረድ ይሻላል ብለን፣ ይህን ትምህርት በምሥራቅ አፍሪቃ ቀደም ብሎ የጀመረውን የኡጋንዳን የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ምሳሌ አድርገን ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ቃላቱ

ከአንባብያን መካከል አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ ሹማምንት ስለምትገኙ፣ አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንናገራለን። «ጾታ» ከግዕዝ የመጣ ቃል ሲሆን በጥንቱ አነጋገር ወገን ወይም ዓይነት ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ሲባል ወንዶች፣ ሴቶችና ካህናት ማለት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ጾታ የሚለው ቃል በይበልጥ ወንድ ወይም ሴት ሆኖ መፈጠርን ያመለክታል።

«ሥርዓተ ጾታ» ደግሞ የጾታ ሥርዓት ማለት ነው። ጾታ ከተፈጥሮ የሚገኝ ሲሆን ሥርዓቱ ግን ሰዎች በዘመናት ብዛት ያቆሙት ነው። ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። በኢትዮጵያ ደጋ በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት ሞፈር ጨብጣ ብትታይ ሰው ይደነቃል። በኡጋንዳ በቡጋንዳ ምድር ግን የቤቱ ዋና ምግብ የሆነውን ሙዝ በዶማ ኰትኩታ የምታበቅለው ከጥንት ጀምሮ ሴት ናት። በአንዱ አገር መሬት መሥራት ለወንድ ሲሰጥ በሌላው አገር ለሴት ተሰጥቷል። ልጅ መውለድ ግን በሁለቱም አገር ለሴት ብቻ የተሰጠ ነው። እንግዲህ ከአገር አገር የማይለወጠው ከጾታ የመጣ ነው፤ ከአገር አገር የሚለወጠው ከሥርዓተ ጾታ የመጣ ነው።

ሦስተኛው ቃል «ሩካቤ ሥጋ» ነው። ይህ በክብር የሚነገር ቃል ሲሆን የወንድና የሴትን ግንኙነት ያመለክታል፤ በዛሬ ጽሑፍ «ወሲብ» የሚለውም ቃል ተለምዷል። በዩኒቨርሲቲ የሚጠናው ግን ግንኙነቱ ብቻ ሳይሆን ሰዎች ስለ ፍቅር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ኀፍረትና ስለ ክብር ያላቸው አስተሳሰብ ጭምር ነው።

በመጨረሻ «ባለቤት» የሚለውን ቃል ልብ እንድትሉ እንወዳለን። የቃሉ ፍች የቤት ጌታ ማለት ነው። ባል ስለ ሚስቱ ሲናገር «ባለቤቴ» ይላል፤ ሚስትም ስለ ባሏ ስትናገር «ባለቤቴ» ትላለች። እንግዲህ ቋንቋው ራሱ ሁለቱንም የቤቱ ጌቶች ያደርጋቸዋል። መዝገቡ ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ይጽፋል።

«ወንዶች እንሁን» ይባል በነበረበት ጊዜ

ማኬሬሬ በካምፓላ ከተማ በአንድ ኮረብታ ላይ የተሠራ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1922 ሲከፈት አናጺነት፣ ግንባታና መካኒክነት የሚያስተምር አነስተኛ የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም 14 ወንዶች ብቻ ነበሩ። ኮሌጅ ከሆነም በኋላ መፈክሩ «ወንዶች እንሁን» የሚል ነበር። ሴት ተማሪዎች ስላልነበሩ ቃሉን የተቃወመ አልነበረም።

በ1945 ግን ስድስት ሴቶች ተማሪዎች ሆነው ገቡ። ከዚህ በኋላ የቆየው መፈክር የማይመች ሆነ፤ ስለዚህም «ለወደፊቱ ዘመን እንሠራለን» በሚል ተለወጠ። አንባብያን እንደምትገነዘቡት፣ ስድስት ሴቶች ገና ምንም ሳይናገሩ፣ በመግባታቸው ብቻ የአንድን ኮሌጅ መፈክር አስለወጡ።

በዚያ ዘመን ከተማሩት ሴቶች አንዷ ወይዘሮ ሣራ ኜንድዎሃ ንቲሮ ነበሩ። ወይዘሮ ሣራ ሒሳብ ለመማር ፈልገው ሳለ፣ መምህሩ ሴት ባለችበት ክፍል አላስተምርም በማለቱ ወደ ታሪክ ትምህርት እንደተዛወሩ ይነገራል። እሳቸው ግን በዚህ ተስፋ ሳይቈርጡ ትምህርታቸውን ቀጥለው በ1954 በእንግሊዝ አገር ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪቃ ሴቶች መካከል ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በመቀበል የመጀመሪያዋ ሆኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በመምህርነት ሲቀጠሩም፣ ለሴት መምህር የሚከፈለው ደመወዝ ከወንዱ ያነሰ መሆኑን ባዩ ጊዜ እንዲህ ያለውን ደመወዝ አልቀበልም ብለዋል። ወይዘሮ ሣራ በ2018 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። የትምህርት ቤት በር ለሴቶች መከፈቱና ስለ ሴቶች ማጥናት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሴቶቹ ክፍል ከገቡም በኋላ ያነበቡት ታሪክ የነገሥታትና የጦር አለቆች ታሪክ ነበር፤ የተማሩት የኢኮኖሚ ትምህርትም በገበያ የተሸጠውን እንጂ በጓዳ የተሠራውን አይቈጥርም ነበር። በሩ ተከፍቶ ሳለ መጻሕፍቱ ግን አልተለወጡም ነበር።

ትምህርቱ እንዴት እንደ ተጀመረ

በ1970 ኤስተር ቦሰሩፕ የተባሉ የዴንማርክ የኢኮኖሚ ሊቅ በልማት ውስጥ ሴቶች ስላላቸው ድርሻ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። እኒህ ሊቅ በብዙው የአፍሪቃ ክፍል መሬቱን በዶማ የሚሠሩት ሴቶች ሆነው ሳለ፣ የአውሮጳ ገዢዎችና በኋላም የልማት ባለሙያዎች አዲሱን መሣሪያና ምክር ለወንዶች ብቻ እንደ ሰጡ አስረዱ። በዚህም ምክንያት ልማት ሲመጣ የሴቲቱ ድካም ሳይቀልላት፣ በሥራዋ ላይ ያላት ሥልጣን ግን ቀነሰ።

በ1985 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሦስተኛው የዓለም የሴቶች ጉባኤ በናይሮቢ ተደረገ። ጉባኤው የተደረገው ለኡጋንዳ በጎረቤት አገር ስለ ነበር፣ ከዚያ የተመለሱ የተማሩ ሴቶች በዚያው ዓመት «አክፎዴ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ማኅበር አቋቋሙ። ጥያቄያቸውም የሴቶችን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስቴር እንዲቋቋምና በማኬሬሬ ስለ ሴቶች የሚያጠና ክፍል እንዲከፈት ነበር። ሚኒስቴሩ በ1988 ተቋቋመ። በ1991 ደግሞ በማኬሬሬ የሴቶች ጥናት ክፍል ተከፈተ፤ የመጀመሪያዋም ኀላፊ ፕሮፌሰር ቪክቶሪያ ምዋካ ሆኑ። ክፍሉ ትምህርቱን የጀመረው በሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ የመጀመሪያው ዲግሪ የታከለው ዘግይቶ ነው። ከ2011 ጀምሮ ክፍሉ ከፍ ብሎ «የሴቶችና የሥርዓተ ጾታ ጥናት ትምህርት ቤት» ሆኗል።

በስሙ ላይ «ሥርዓተ ጾታ» የሚለው ቃል መጨመሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሴት ብቻ ተጠንቶ ስለ ወንድ ካልተጠና ሥርዓቱ አይታወቅም። ወንድ ልጅ ገና በሕፃንነቱ «አታልቅስ» መባሉ፣ ጐልማሳውም ሥራ ባጣ ጊዜ ክብሩን ያጣ መስሎት መሸሸጉ ከዚያው ሥርዓት የመጣ ነው። በዚህ ትምህርት የሚገቡትም ሴቶች ብቻ አይደሉም፤ ወንዶችም አብረው ይማራሉ።

ተማሪዎቹ ምን ይማራሉ?

በዚህ ጥናት ከሚታወቁት ትምህርቶች አንዱ የሴትን ሥራ በሦስት ከፍሎ መመልከት ነው። የመጀመሪያው ቤትን የማቆየት ሥራ ነው፤ ይኸውም መውለድ፣ ማሳደግ፣ ማብሰል፣ የታመመ ማስታመም ነው። ሁለተኛው ገቢ ወይም እህል የሚያስገኝ ሥራ ነው፤ ይኸውም ማረም፣ ማጨድ፣ መፍተል፣ በገበያ መሸጥ ነው። ሦስተኛው የጎረቤትና የማኅበር ሥራ ነው፤ በእኛ አገር አነጋገር ለእድር ወጥ መሥራት፣ አራስ መጠየቅ፣ ልቅሶ መድረስ ሁሉ ከዚህ ይቈጠራል። ወንድ ብዙውን ጊዜ አንዱን ፈጽሞ ሌላውን ይጀምራል፤ ሴት ግን ሦስቱን በአንድ ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰዓት ትሠራቸዋለች። ልጅ አዝላ የምታርም ሴት ሁለት ሥራ እየሠራች ነው።

ሁለተኛው ትምህርት በአንድ ነገር መጠቀምንና በዚያው ነገር ላይ ማዘዝን መለየት ነው። በኡጋንዳ ሴት ቡናውን ትለቅማለች፤ ታደርቃለች። ቡናው ሲሸጥ ግን ገንዘቡ በብዙ ቤት ከባል እጅ ይገባል። ሴትዮዋ በማሳው ትሠራበታለች፤ ነገር ግን አትሸጠውም፤ በዋስትናም አታስይዘውም። «ይህ ማሳ የቤተሰቡ ነው» ተብሎ ቢጻፍ እውነት ይመስላል፤ ሆኖም ማን ሊሸጠው እንደሚችል ካልተጠየቀ የተጻፈው ግማሹ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት የአጠያየቅ ዘዴ ነው፤ ይህም ለመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለናል። ተመራማሪው ባልና ሚስትን ለየብቻ ይጠይቃል፤ በአንድነት የተጠየቁ እንደ ሆነ አንደኛው ብቻ መናገሩ የታወቀ ነውና። ደግሞም «ሥራ አለሽን?» ብሎ አይጠይቅም። «ትናንት ከእንቅልፍሽ ከተነሣሽበት ሰዓት ጀምሮ እስክትተኚ ድረስ ምን ምን ሠራሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም በሰዓት ከፋፍሎ ይጽፋል። «ሥራ የለኝም» ያለችው ሴት በዚህ ጊዜ ሥራዋን ስትዘረዝር ራሷም ትደነቃለች።

ይህ የአጠያየቅ ዘዴ ከትምህርት ቤት ቅጥር ወጥቶ የዓለም ደንብ እስከ መሆን ደርሷል። በ2013 በዓለም የሥራ ድርጅት ሰብሳቢነት የተሰበሰቡት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች፣ ሰው ለራሱ ቤት ያለ ደመወዝ የሚያደርገው ሁሉ፣ ውሃ መቅዳትም ሆነ ልጅ መጠበቅ፣ «ሥራ» ተብሎ እንዲቈጠር ወስነዋል። እንግዲህ «ሥራ የላትም» የሚለው ቃል ዛሬ ጨዋነት የጐደለው ብቻ ሳይሆን በሒሳብም ስሕተት ነው።

ስለ ሩካቤ ሥጋ የሚደረገው ጥናት

የሚያከራክረው የጥናቱ ክፍል ይህ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ነገር ከአውሮጳ የመጣ፣ ለአፍሪቃ ጨዋነትም እንግዳ የሆነ ይመስለዋል። ነገር ግን በቡጋንዳ ከጥንት ጀምሮ «ሴንጋ» የሚባል ልማድ አለ። ሴንጋ የአባት እኅት ናት፤ የወንድሟን ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ ጠርታ ስለ ሰውነቷ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሩካቤ ሥጋ ትመክራታለች። ስለዚህ በዚያ አገር ይህ ነገር የሚነገርበት ጊዜና የሚናገረው ሰው ተለይቶ የታወቀ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሠራው አዲስ ነገር ቢኖር፣ በአክስትና በልጅ መካከል በሹክሹክታ ይነገር የነበረውን መርምሮ፣ የሚጠቅመውንና የሚጐዳውን ለይቶ ማጥናቱ ነው።

ለዚህ ጥናት መነሣት አንድ ብርቱ ምክንያት ነበረ። በ1982 በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ በራካይ አውራጃ አንድ ያልታወቀ በሽታ ታየ፤ በኋላም ኤድስ መሆኑ ተረጋገጠ። በሽታው በየቤቱ ሲገባ ዝምታ ሰው የሚገድል ነገር ሆነ። ሐኪሞች ስለ በሽታው መተላለፊያ ቢያስተምሩም፣ ባሏ ከሌላ ሴት ዘንድ መሄዱን እያወቀች እምቢ ለማለት የማትችል ሚስት ዕውቀቱ ብቻውን አላዳናትም። እምቢ ለማለት ያልቻለችበት ምክንያት ደግሞ በሐኪም መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው በጋብቻ ልማድ፣ በጥሎሽ፣ በመሬትና በርስት ሕግ ውስጥ ነው። ሩካቤ ሥጋ ከሕግና ከሀብት ተነጥሎ የማይጠናው ስለዚህ ነው።

በዚህ መስክ ስማቸው የታወቀው በማኬሬሬ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሲልቪያ ታማሌ ናቸው። የሕግ ሊቅ ሲሆኑ በ2004 የሕግ ፋኩልቲ የመጀመሪያዋ ሴት ዲን ሆነዋል። በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ በኡጋንዳ ምክር ቤት የገቡትን ሴቶች ታሪክ አጥንተዋል፤ የመጽሐፉም ርእስ ሴት ዶሮዎች መጮኽ ሲጀምሩ እንደ ማለት ነው። በ2011 ደግሞ ከብዙ የአፍሪቃ አገሮች ሊቃውንት የጻፉበትን፣ ስለ አፍሪቃውያን ሩካቤ ሥጋ የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጅተው አሳትመዋል። ስለ ሴንጋም ጽፈዋል።

ይህ መንገድ የተደላደለ አይደለም። ፕሮፌሰሯ በ2003 በተናገሩት ቃል ምክንያት በጋዜጦች ላይ ብርቱ ነቀፋ ደርሶባቸዋል። በ2023 በኡጋንዳ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በብርቱ የሚቀጣ ሕግ ወጥቷል፤ ሕጉ «ማስፋፋት» የተባለውንም ስለሚቀጣ፣ ስለ ሩካቤ ሥጋ የሚያጠናና የሚያስተምር ሁሉ ከዚሁ ሕግ ጋር መገናኘቱ የማይቀር ነው። በዚህ ጕዳይ የሰው አሳብ የተለያየ ነው። በእኛ በኩል የምንለው፣ አንድን ነገር ማጥናትና ያንኑ ነገር ማመስገን አንድ አለመሆኑን ነው። ሐኪም በሽታን የሚያጠናው ወድዶት አይደለም፤ ዳኛም ወንጀልን የሚመረምረው ሊሠራው አይደለም።

ከክፍል ወደ ሕግ

የትምህርት ፍሬው በሥራ ይታያል። በ1995 የወጣው የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት በ33ኛው አንቀጽ ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል ክብር እንዳላቸው ደንግጓል። ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው ጉባኤ ውስጥ ከላይ ስማቸውን ያነሣናቸው ፕሮፌሰር ምዋካ ምክትል ሊቀ መንበር ነበሩ።

ሆኖም በ1998 የመሬት ሕግ ሲወጣ አንድ የሚያስተምር ነገር ተፈጸመ። ሚስት ከባሏ ጋር የመሬቱ ባለቤት ትሁን የሚለውን አሳብ ወይዘሮ ሚሪያ ማቴምቤ ለምክር ቤቱ አቅርበው በስብሰባው ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ሕጉ ታትሞ ሲወጣ ግን ያ አንቀጽ አልተገኘበትም። በኡጋንዳ «የጠፋው አንቀጽ» እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ይህ ነገር ሹማምንትን ሁሉ ሊያሳስብ ይገባል፤ መብት በጉባኤ ቢነገርም በወረቀት ላይ ካልተገኘ የለም ማለት ነውና።

ከዚያም ወዲህ ጥረቱ አልቆመም። በ2007 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት፣ ያገባች ሴት ስታመነዝር የሚቀጣውንና ያገባውን ወንድ በእኩል የማይቀጣውን የቈየ ሕግ፣ እንዲሁም ሴቶችን የሚበድሉ የውርስ ሕግ አንቀጾችን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለማይስማሙ ሽሯቸዋል። ምክር ቤቱ የውርሱን ሕግ አሻሽሎ ያወጣው ግን በ2022 ነው። በፍርዱና በሕጉ መካከል አሥራ አምስት ዓመት አለፈ።

ስለ አንድ ነጥብ ተኩል

በማኬሬሬ በ1990 ለሚገቡ ሴቶች በመግቢያ ውጤታቸው ላይ አንድ ነጥብ ተኩል መጨመር ተጀመረ። ከዚያ በፊት ከአራት ተማሪዎች ሴቷ አንዷ ብቻ ያህል ነበረች፤ በዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ የሴቶቹ ቍጥር ወደ ግማሽ ተጠጋ። ይህ አሠራር ብዙ ክርክር አስነሥቷል። አንዳንዶች ነጥቡ የትምህርቱን ደረጃ ያወርዳል ብለዋል። ሌሎች ደግሞ፣ ይህ ክርክር የጠነከረ ይመስለናል፣ ነጥቡ ይበልጥ የጠቀመው ከጥሩ ትምህርት ቤት የወጡትን የባለጸጋ ልጆች እንጂ ውሃ ስትቀዳ ከትምህርት ቤት የቀረችውን የድኻ ልጅ አይደለም ብለዋል። ዩኒቨርሲቲው በ2001 በካርኔጊ ኮርፖሬሽን ርዳታ የጀመረው የሴቶች የትምህርት ዕድል ለችግረኞቹ ልጆች የታሰበ ነበር፤ የሳይንስ ትምህርት ለሚመርጡም ብዙው ቦታ ተይዞላቸው ነበር። አንድ አሠራር የጐደለውን ነገር በጥናት አግኝቶ ማረም ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻውም።

በኢትዮጵያስ?

ይህ ጥናት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪቃን የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች የሚያገናኘው ኦስሪያ የተባለው ድርጅት በ1980 የተቋቋመው በአዲስ አበባ ሲሆን፣ የሥርዓተ ጾታን ምርምር ከሥራው አንዱ አድርጎት ቈይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በሥርዓተ ጾታ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይሰጣል።

በሕጉም በኩል የታየው ለውጥ ትልቅ ነው። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው» የሚል ሲሆን፣ በ2000 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩ አድርጓል። ነገር ግን እኛ ከሁሉ ይልቅ የምንመለከተው አንዲት ወረቀት ነው። በትግራይ በ1990ዎቹ መጨረሻ የመሬት ደብተር መሰጠት ሲጀምር የሚጻፈው የቤቱ አለቃ ስም ነበር። በኋላ በአማራ ክልል የተሰጠው ደብተር ግን የባልና የሚስት ስም በአንድነት የሚጻፍበት፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ሆነ። መሬቱ ያው መሬት፣ ትዳሩም ያው ትዳር ነው። በወረቀቱ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመርና አንድ ተጨማሪ ፎቶግራፍ በመኖሩ ግን፣ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ከዳኛ ፊት ስትቀርብ የምታሳየው ነገር አላት። ኡጋንዳ በ1998 ያጣችው አንቀጽ ይህን የመሰለ ነበር።

ለአንባብያን

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ወደ ጸሐፊው እንመለስ። ማናችንም ብንሆን ይህን ለማወቅ ሁላችን ማኬሬሬ መሄድ አያስፈልገንም። ከዚያ ኮረብታ ከወረደው ትምህርት ሦስት ነገር ብንይዝ ይበቃል። አንደኛው፣ ስለ ሴትዮዋ ባሏን ከመጠየቅ ራሷን መጠየቅ። ሁለተኛው፣ «ሥራ አለሽን?» ከማለት «ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ማለት። ሦስተኛው፣ ንብረቱ የቤቱ ነው ሲባል «ማን ሊሸጠው ይችላል?» ብሎ መጨመር። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ጥቂት ተጨማሪ መስመሮች ናቸው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል አንድ የቈየ ተረት አለ። ይህን ተረት ብዙዎች ሴትን ዝም ለማሰኘት ሲጠቅሱት ሰምተናል። ነገር ግን ተረቱ ራሱ ሴት እንደምታውቅ ሳያስበው ይመሰክራል፤ የሚለው ዕውቀቷ ከወንድ ካልደረሰ አይፈጸምም ነው። እንዲህ የሚሆነው እሷ ያወቀችውን ለመጻፍ መዝገቡ በወንድ እጅ ብቻ ሳለ ነበር። ዛሬ ብዕሩን እሷም ይዛለች፤ ብዕሩ በእጃችሁ ያለ እናንተም ጠይቃችሁ ከመዝገቡ እንድትጽፏት አደራ እንላለን።